ለላፕቶፔ ግለት መላ ላበጀለት ቴክኒሻን ምስጋናዬ ይድረሰው

ጥሩ ሥራ የሠራ ሰው በአደባባይ መመስገን አለበት ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የምጽፈው ጌሚንግ ላፕቶፔን ከግለቱ ስላሳረፈልኝ ቴክኒሻን ነው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ የሰው ስልክ ሳላስፈቅድ መበተን አልወድም። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ እሱን ጠይቄ አገናኛለሁ። እዚህ የምጽፈው አሠራሩን ነው። እሱን ባታገኙት እንኳ ላፕቶፓችሁን ለምን ዓይነት ሰው እንደምትሰጡ ለማወቅ ይጠቅማችኋል።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ጌም ስከፍት መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሸጋ ነው። ትንሽ ቆይቶ ፋኖቹ ይጮኻሉ፤ ከኪቦርዱ በላይ ያለው ቦታ እጅ አያስነካም። ከዚያ ጌሙ ይንቀራፈፋል። ምስሉ ቀጥ ይልና እንደገና ይሮጣል። አንዳንዴ ጭራሽ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ከዚህ በፊት ያየው ሌላ ባለሙያ ክዳኑን ሳይከፍት «ማዘርቦርዱ ደክሟል፣ ይቀየር» ብሎኝ ነበር።

ይሄኛው መጀመሪያ ብሎን መፍቻ አላነሳም። ለካ። ኤችደብልዩኢንፎ የሚባለውን፣ የማሽኑን ሙቀትና ፍጥነት የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም ከፈተ፤ ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን አንድ ላይ የሚያስጨንቅ ሥራ ሰጣቸውና ቁጥሮቹን አብረን ማየት ጀመርን። ፕሮሰሰሩ ብዙም ሳይቆይ 97 ዲግሪ ገባ። ከ4 ጊጋኸርዝ በላይ የነበረው ፍጥነቱ ደግሞ ወደ 2 ጊጋኸርዝ ወረደ። «አየሽ እህቴ፣ ይሄ አልተበላሸም፤ ራሱን እያዳነ ነው» አለኝ።

ነገሩን ሲያስረዳኝ አልቸኮለም። የብዙዎቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች የሙቀት ጣሪያ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከኤኤምዲዎቹ ብዙዎቹ 95 ላይ ያቆማሉ። ሙቀቱ ጣሪያው ጋ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ እንዳይጎዳ ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል። ጌሙን የሚያንቀራፍፈው እሱ ነው። ፍጥነት መቀነሱ ካልበቃው ማሽኑ ይጠፋል። እንግዲህ መፈለግ ያለበት ሙቀቱ መውጫ ያጣበት ቦታ ነው።

የፈታው ዓይኔ እያየ ነው። ክዳኑን እንዳነሳ የባትሪውን ገመድ ነቀለ፤ ከዚያ በፊት ምንም አልነካም። ባትሪው አብጦ እንደሆነም አገላብጦ አየልኝ። ፋኑን ሲያወጣው ጉዱ ታየ። ፋኑ አየር በሚገፋበትና የብረት ክንፎቹ በሚጀምሩበት መሃል አቧራ ተጠቅጥቆ፣ ልክ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ሆኗል። በወረንጦ ይዞ ሲስበው ሙሉውን ወጣ። ከውጭ በቀዳዳው ብታዩ አይታይም፤ ክንፎቹን የደፈነው ከውስጥ በኩል ነው። ከውጭ አየር መንፋት ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው፤ የተጠቀጠቀውን ፈቀቅ ያደርገው ይሆናል እንጂ አያወጣውም። የቀረውን በአየር ሲነፋ ፋኑን በጣቱ ይዞት ነበር። ካልተያዘ ከመጠን በላይ ይሽከረከርና መሽከርከሪያው ይጎዳል አለኝ።

ቀጥሎ ወደ ሂት ሲንኩ፣ ማለትም ሙቀቱን ከቺፖቹ ወደሚያወጣው ብረት ሄደ። ከቺፖቹ ላይ ሙቀት ተቀብለው ወደ ፋኑ የሚያደርሱት የመዳብ ቱቦዎች አሉ አይደል? ውስጣቸው ጥቂት ፈሳሽ አለ። በሞቀው ጫፍ በኩል ይተናል፣ በቀዘቀዘው በኩል ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ሙቀቱን ይዞ የሚጓዘው እንዲህ እየተመላለሰ ነው። ይሄን ስሰማ በጣም ገረመኝ፤ እንዲህ የመሰለ ሥራ በዚያች ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይካሄዳል ብሎ ማን ያስባል? ብሎኖቹ አጠገብ ትንንሽ ቁጥሮች ተጽፈዋል። እሱም ቁጥራቸውን ተከትሎ፣ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ እያላላ ፈታቸው። ሲገጥምም እንደዚያው። አንዱ ጎን ብቻ ከጠበቀ ሂት ሲንኩ ቺፑ ላይ እኩል አያርፍም።

ሂት ሲንኩ ሲነሳ፣ በእሱና በቺፑ መሃል የሚቀባው ተርማል ፔስት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከቺፑ መሃል ተገፍቶ ወደ ዳር ሸሽቷል። መሃሉ ባዶውን ያብረቀርቃል፤ ሙቀቱ የሚበረታው ደግሞ እዚያው ነው። ቺፑና መዳቡ ለዓይን ለስላሳ ይምሰሉ እንጂ መሃላቸው አየር የሚይዙ ጥቃቅን ክፍተቶች አሏቸው። አየር ደግሞ ሙቀት ለማስተላለፍ ሰነፍ ነው። የፔስቱ ሥራ እነዚያን ክፍተቶች መሙላት ነው።

እኔ «በፔስት ፈንታ ሊኩዊድ ሜታል፣ ፈሳሹ ብረት፣ ይሻላል ሲሉ ሰምቻለሁ» አልኩት። እሱ ግን አልተስማማም። በርግጥ ሙቀት በማስተላለፍ ከፔስት ይበልጣል። ግን ጋሊየም የሚባል ብረት ስላለበት አሉሚኒየም ይበላል፤ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። በቦርሳ ተይዞ የሚንገላታ ላፕቶፕ ውስጥ አንዲት ጠብታ ካመለጠች ቦርዱን ልታሳጣኝ ትችላለች። በምትኩ የኸኒዌል ፒቲኤም7950 የሚባለውን ስስ ሽፋን አደረገልኝ። ሲቀዘቅዝ ጠጣር ነው፣ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልስና ክፍተቱን ይሞላል። እንደ ተራ ፔስት ቶሎ ከመሃል ተገፍቶ አይሸሽም። ፔስት በየጊዜው ማስቀየር ለሰለቸው ሰው እኔም ይሄን እመርጥለታለሁ።

በግራፊክስ ካርዱ ሚሞሪ ላይ ያሉትን ፓዶች፣ ማለትም ሙቀት የሚያስተላልፉትን ለስላሳ ንጣፎች ሲቀይር ውፍረታቸውን ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ለካ። ፓዱ በግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ከወፈረ ሂት ሲንኩን ከዋናው ቺፕ ላይ ሊያነሳው ይችላል። ያኔ አዲሱ ፔስት ዋጋ የለውም። ብዙ ሰው «ፔስት ቀይሬ ባሰብኝ» የሚለው አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው።

ከገጠመው በኋላ ወደ ሴቲንጉ ገባ። የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ፈልጎ ነበር፤ ፍጥነቱ ሳይነካ ሙቀቱ ይቀንሳል። የእኔ ማሽን ግን ተቆልፏል። በታኅሣሥ 2012 አካባቢ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2019፣ በዚሁ የቮልቴጅ ማስተካከያ በኩል የሚያጠቃ ፕላንደርቮልት የሚባል የደኅንነት ክፍተት ይፋ ከሆነ ወዲህ ብዙ አምራቾች ይሄን ዘግተውታል። ቁልፉን ልስበር ብሎ አልታገለም። በግራፊክስ ካርዱ በኩል ግን ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባል ፕሮግራም ቮልቴጁን አስተካከለልኝ። የጌሙንም የፍሬም ብዛት፣ ማለትም በሴኮንድ የሚያወጣውን የምስል ብዛት ገደበው። ስክሪኔ በሴኮንድ ከ144 በላይ አያሳይም፤ ካርዱ 200 ፍሬም ቢያወጣ ትርፉ ሙቀት ነው። ይሄን ገደብ ማንም ሰው፣ ላፕቶፑን ሳይፈታ፣ አሁኑኑ ሊያደርገው ይችላል።

በመጨረሻ ያንኑ ሙከራ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ፣ ለዚያው ያህል ጊዜ ደገመው። ክፍሉ ለምን አንድ መሆን አለበት ብዬ ጠየቅኩት። የክፍሉ አየር ሲሞቅ የቺፑም ሙቀት በዚያው ልክ ገደማ ስለሚጨምር በቀዝቃዛ ሰዓት ለክቶ «ቀነሰ» ማለት ማታለል ነው አለኝ። ይሄን ቃል በጣም ወደድኩለት። ፕሮሰሰሩ 83 ላይ ረጋ። ግራፊክሱ ከ86 ወደ 73 ወረደ። ፍጥነቱም ከፍ እንዳለ ቆየ። ማዘርቦርዱ? ያው የድሮው ነው፤ ምንም አልሆነም።

ሌላ ሳልጠቅስ የማላልፈው ነገር አለ። ከሥር የሚነፋ ማቀዝቀዣ ልግዛ ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ራሱ እየሸጠ «አያስፈልግሽም» አለኝ። «ከኋላው ትንሽ ከፍ አድርጊው፣ ከሥሩ አየር ይግባበት፤ አልጋና ትራስ ላይ ብቻ አታስቀምጪው።» ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ስለሚውልም ባትሪው 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም አደረገልኝ። ሙቀትና ሙሉ ቻርጅ አንድ ላይ ሲሆኑ ባትሪ ቶሎ ያረጃል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ሥራው ቀስ ያለ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ማሽን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ወረፋም አለው። ለቸኮለ ሰው አይመችም። እኔ ግን ዛሬም ቢሆን ወረፋውን እጠብቃለሁ። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ!

ወደ እሱ የምትሄዱ ቻርጀራችሁን እንዳትረሱ፤ ያውም ዋናውን፣ ከላፕቶፑ ጋር የመጣውን። ጌሚንግ ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ኃይሉን ስለሚቀንስ ትክክለኛው ሙቀት አይታይም፤ ቻርጀር ከሌለ መለኪያውን አይጀምርላችሁም።