ታፔላውን የቀየረው በርገር ቤት ወይስ የድሮው? ጅማ ላይ በልቼ ያየሁት

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ አንድ በርገር ቤት ሁለት ወር ያህል በቆርቆሮ ታጥሮ ከረመ። ሲከፈት ቀዩ ታፔላ የለም። ጥቁር መደብ ላይ አንዲት ነጭ ቃል ብቻ፣ እሷም በላቲን ፊደል። ውስጥ አምፖሎቹ በገመድ ተንጠልጥለዋል። ግድግዳው ላይ የፕላስቲክ ሐረግ ወጥቷል። ጅማ ላይ የፕላስቲክ ቅጠል!

ወደ ሄርማታ መርካቶ ስትወርዱ ደግሞ ከተማሪነቴ ጀምሮ የማውቀው ሌላ ቤት አለ። የፕላስቲክ ወንበር፣ የደበዘዘ ቀይና ቢጫ ታፔላ፣ ዋጋው ላይ ወረቀት በወረቀት ላይ የተለጠፈበት ሜኑ። ሰው "የቱ ይሻላል?" እያለ ስላስቸገረኝ ሁለቱም ጋር ሦስት ሦስት ጊዜ በላሁ። ወቀሳም ስላለበት ስማቸውን አልጠራም።

ከሜኑው ልጀምር፤ ትልቁ ልዩነት ያለው እዚያ ነው። የታደሰው ቤት ድሮ ከፍርፍር እስከ ፒዛ የማይሠራው አልነበረም። አሁን አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ስቆጥረው 12 ዓይነት። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ከበላሁ በኋላ ግን ገባኝ። ዳቦው የዕለቱ ነው። ሥጋው ፍሪጅ ውስጥ የከረመ አይመስልም። ያዘዝኩት ሁሉ አለ። የድሮው ቤት ሜኑ ግን እንደ ስልክ ማውጫ ነው፤ ከሦስት ትዕዛዝ አንዱ ላይ አስተናጋጁ "አልቋል" ይላችኋል።

ይሄ ዘዴ አዲስ አይደለም። የማክዶናልድ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1948 ሳን በርናርዲኖ፣ ካሊፎርኒያ የነበረውን ምግብ ቤታቸውን ዘግተው እንደገና ሲከፍቱት ሜኑውን ወደ 9 ዓይነት ዝቅ አደረጉት። መኪና ድረስ ምግብ የሚያደርሱትን አስተናጋጆችም አስቀሩ። በርገሩን 15 ሳንቲም፣ የአሜሪካ ሳንቲም ማለቴ ነው፣ ሸጡት። ዛሬ የምናውቀው ፈጣን ምግብ የተወለደው ከቀለም ቅብ ሳይሆን ከዚያ ማሳጠር ነው። ስለዚህ አንድ ቤት ታደሰ ሲባል እኔ መጀመሪያ የማየው ግድግዳውን አይደለም። ሜኑው አጠረ ወይስ ረዘመ? ረዝሞ ከሆነ እጠረጥራለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ለአስተናጋጁ ነው፦ "ከስሙ ሌላ ምን ተቀየረ?" የታደሰው ቤት ልጅ ሳያመነታ "ሶሱና ዘይቱ" አለኝ። ማብሰያው በመስታወት ስለሚታይ ዘይቱን እኔም አየሁት፤ አልጠቆረም። እዚህ ላይ የድሮው ቤት ይሸነፋል። ማብሰያው ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ የችፕሱ ጠርዝም አንዳንዴ ይጠቁራል። በጣዕም ግን ችፕሱ አይሸነፍም። በእጅ የተከተፈ፣ ወፍራም፣ እስኪያልቅ የሚሞቅ ነው። የአዲሱ ቀጭን ነው፤ ፎቶ አንስታችሁ እስክትጨርሱ ይቀዘቅዛል።

ትልልቆቹም ጋር ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የአሜሪካው ፒዛ ሻጭ ዶሚኖስ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ሊጡን፣ ሶሱንና ቺዙን ቀየረ። ከዚያ በማስታወቂያው ደንበኞች የድሮውን ሊጥ ከካርቶን ጋር ሲያመሳስሉት አሳየ። "ፒዛ" የሚለውን ቃል ከአርማው ያወጣው በኋላ፣ በ2012 ነው። ምግቡ ቀደመ፣ ታፔላው ተከተለ። ማክዶናልድስ በ2009 ጀርመን ውስጥ ከቢጫው ኤም ጀርባ ያለውን ቀይ በደማቁ አረንጓዴ መተካት ሲጀምር ግን በዋናነት የተቀየረው መልኩ ነበር፤ ለአካባቢ ተቆርቋሪ መስሎ ለመታየት። የፕላስቲኩ ሐረግም ከዚሁ ወገን ነው። በርገሩ ውስጥ ያለው ሰላጣ አሁንም ሁለት ቅጠል ነው።

ዋጋ ላይ ተጠንቀቁ። ሜኑ ላይ ስታዩት የሁለቱ ልዩነት የአንድ ማኪያቶ ያህል ነው። ቢሉ ሲመጣ ግን የታደሰው ቤት 15 በመቶ ቫት ይጨምራል፤ ከሜኑው ግርጌ በጉንዳን ፊደል ተጽፏል። ይዛችሁ ከሄዳችሁ አርማ ያለበት ካርቶኑም ለብቻው ይቆጠራል። የድሮው ቤት በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣችኋል፤ ቤት እስክትደርሱ ወረቀቱ ዘይት ይጠጣል እንጂ ኪሳችሁን አይነካም።

መቀመጫውን በተመለከተ እናቴ ከእኔ በተሻለ ፈረደች። አዲሱ ቤት ይዣት ሄድኩ። ወንበሮቹ መደገፊያ የሌላቸው ረጃጅም ናቸው። "ልጄ፣ እግሬ መሬት አልደረሰም እኮ" አለችኝ። ሙዚቃውም ጮክ ያለና ፈጣን ነው። ይሄ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሮናልድ ሚሊማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት፣ ምግብ ቤት ውስጥ ዘገምተኛ ሙዚቃ ሲከፈት ሰው በአማካይ 56 ደቂቃ፣ ፈጣን ሲሆን 45 ደቂቃ ነበር የተቀመጠው። ቶሎ በልቶ ለሚነሳ አዲሱ ቤት ይመቻል። ለወሬ፣ ለእናት፣ ለእንግዳ የድሮው ይሻላል። ስፕሪስ አዛችሁ ሁለት ሰዓት ብትቀመጡ ማንም ገላመጥ አያደርጋችሁም።

ያልጠበቅኩት ልዩነት ደግሞ ይሄ ነው። የአዲሱ ቤት የድሮ ታፔላ ሐላል መሆኑን ይናገር ነበር። አዲሱ ታፔላ ግን ምንም አይልም፤ "ቀለል ያለ" ዲዛይን መሆኑ ነው። ሙስሊም ጓደኛዬ በር ላይ ቆሞ ጠየቀ። አሁንም ሐላል ነው አሉት፣ ገባን። ጅማን በሚያህል ከተማ ይህን ከታፔላ ማውጣት ምን የሚሉት ውበት እንደሆነ አልገባኝም። የጾም በርገርም ከ12ቱ ውስጥ የለም። ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ እንግዲህ ምርጫው አልቋል፤ የድሮው ቤት የጾሙን በአትክልት ይሠራል፣ ጥሩ ነው።

ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ስሙን ብቻ የቀየረ ሦስተኛ ቤት አለ። ያው ዳቦ፣ ያው ሶስ፣ አዲስ ስቲከር። እለፉት።

የድሮውን ቤት ባለቤት "አንተስ አታድስም?" አልኩት። ሳቀ። ስልኬን አውጥቼ የበርገር ኪንግን አርማ አሳየሁት። እ.ኤ.አ. በ1999 ያመጡትን ሰማያዊ ቅስት በ2021 ጥለው፣ በ1969 ወደጀመሩት ዳቦ መሳይ አርማ ተመልሰዋል። ቀይና ብርቱካን ቀለም፣ ወፍራም ፊደል። ታፔላውን ቀና ብሎ አየና "እኛማ ቀድመን ነው የደረስነው" አለ።

ወደ አዲሱ ቤት በባጃጅ የምትሄዱ ከሆነ ለሾፌሩ የድሮውን ስም ንገሩት። አዲሱን ስትሉት "የት ነው እሱ?" ይላችኋል።