ያገለገለ ኦሪጅናል ወይስ አዲስ ኮፒ? የነዳጅ ክዳን እና የዙሪያው ዝገት

ባለፈው ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው። «የነዳጅ መሙያው ክዳን አልገጥም ብሏል፣ ዙሪያው ቀለሙ አረፋ አውጥቷል፣ ምን ልግዛ?» አንዱ ከፍኖተ ሰላም ነው የደወለው። ሁለቱ እዚሁ ደብረ ማርቆስ አብረውኝ የሚሠሩ ናቸው። አራተኛዋ ባሕር ዳር ያለች የአክስቴ ልጅ ናት። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ክዳን የምለው በመኪናው ጎን ተከፍቶ የሚዘጋውን ላሜራ ነው፣ ከስሩ የሚሽከረከረውን መዝጊያ አይደለም።

መልሴን መጀመሪያ ላስቀምጠው። ያገለገለ ኦሪጅናል ግዙ። አዲሱን ኮፒ ተዉት። ከሁለቱም በፊት ግን ክዳኑን ሳይሆን ክዳኑ የታሰረበትን ብረት እዩ። እኔ ይህን ሳላይ ገዝቼ ነው የከሰርኩት።

መኪናዬ 2004 ሞዴል ኮሮላ ነው፣ ነጭ። ክዳኑ ከላይ ገባ፣ ከታች ወጣ ብሎ ነበር። ነዳጅ ቀጂዎቹ በጡጫ መትተው ነበር የሚዘጉልኝ። ገበያ ስጠይቅ ኮፒው 1,900 ብር፣ ያገለገለው ኦሪጅናል 3,500 ብር ተባልኩ። የ1,600 ብር ልዩነት ነው። ደሞዝተኛ ሰው የቱን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ኮፒውን ገዛሁ።

አሁን ሒሳቡን ተከተሉኝ። ኮፒው የሚመጣው ጥቁር ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባው፣ ብቻ ተቀብቶ ነው። ስለዚህ ቀለም ያስፈልገዋል። ቀለም ቀቢው 2,500 ብር ወሰደ። የማጠፊያው ቀዳዳ ከመኪናው ቀዳዳ ጋር አልገናኝ አለ። ባቲላሜራው (የመኪና ላሜራ ጠጋኙ) ቀዳዳውን ለማስፋትና ላሜራውን ለማጣመም 600 ብር አስከፈለኝ። ድምሩ 5,000 ብር ሆነ። ያም ሆኖ ጉብታው ከፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ካለው የመኪናው ጎን ላሜራ) ጉብታ ጋር አይሄድም። ከጎን ቆሞ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ላሜራው ስስ ነው፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይረግባል። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ጠርዙ ላይ ቡናማ መስመር ወጣ። የመያዣዋ ሞላም ደከመችና ጎድጓዳ መንገድ ላይ ክዳኑ እየተከፈተ ይንጓለል ጀመር።

ኦሪጅናሉን በኋላ የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ አገኘሁት። አዲስ አበባ የሚሄድ ጓደኛዬ ነው ያመጣልኝ። 3,500 ብር፣ ለማስጫኛ 200 ብር። ቀለም አላስቀባሁትም። ለምን? የእኔ መኪና የቀለም ቁጥር 040 ነው። ቶዮታ ለብዙ ዓመታት የተጠቀመበት ነጭ ነው፣ በየመንገዱ የምታዩት። ያገኘሁት ክዳንም 040 ከሆነ ኮሮላ ላይ የተነቀለ ነበር። ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ትንሽ ወዙ ይለያል፤ በፖሊሽ ቢታሽ ግን አይታወቅም። ስለዚህ ውድ የተባለው 3,700 ብር ፈጀ። ርካሽ የተባለው 5,000 ብር። ሁለቱንም ስለገዛሁ በድምሩ 8,700 ብር ከኪሴ ወጣ። ይህ ሁሉ ከመዳፍ ትንሽ ለሚሰፋ ላሜራ ነው።

የቀለም ቁጥሩ የተጻፈው ከመኪናው መለያ ቁጥር ጋር ባለችው ትንሽ ጠፍጣፋ ላይ ነው። በብዙ ቶዮታዎች የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ትገኛለች፤ በአንዳንዱ ኮፈኑ ስር ናት። ፎቶ አንስታችሁ ለሚገዛላችሁ ሰው ላኩ። «ነጭ ነው» ብቻ አትበሉ፤ ነጭ ብዙ ዓይነት ነው። ብርማ ቀለም ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ፀሐይ ያገኘውና ያላገኘው ይለያያል። የብርማ መኪና ባለቤቶች ቀለም እንደሚያስቀቡ አስበው ሒሳቡን ይሥሩ። ያኔም ቢሆን ምርጫዬ ኦሪጅናሉ ነው፣ ምክንያቱም ይገጥማል።

ያገለገለ ሲገዛ መጠንቀቅ ግን አለ። አንደኛ፣ ማጠፊያው አብሮት ይምጣ። ክዳኑን ለብቻው ነጥለው የሚሸጡ አሉ። ብዙ ጊዜ የተበላሸው ማጠፊያው ስለሆነ ያለ እሱ ክዳን መግዛት ትርጉም የለውም። ማጠፊያውን ይዛችሁ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቁት። ከተንገጫገጨ ተዉት። ሁለተኛ፣ ማግኔት ያዙ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣች ትንሽ ማግኔት ትበቃለች። በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ክዳኑ ላይ አስጠጉ። አንዱ ቦታ ላይ ጥብቅ ብላ ሌላው ቦታ ላይ ከላላች ከስሩ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ ሊጥ) አለ ማለት ነው፤ ተመቶ የተጠገነ ነው። ሦስተኛ፣ ገልብጣችሁ የጠርዙን እጥፋት እዩ። ከአውሮፓ የመጡ ብዙ መኪኖች በበረዶ ወቅት ጨው በሚበተንበት መንገድ የተነዱ ናቸው። እጥፋቱ ውስጥ ዝገት ካለ ከላይ ያለው ወዝ አያታልላችሁ።

ዋጋው ለምን እንዲህ ናረ የሚለኝ ሰው አለ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ መለዋወጫ በነበረበት አልቆየም። በዚያው ዓመት ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለንን አሮጌ መኪና ነው የምንጠብቀው። ያገለገለ እቃም ሁላችንም እንፈልገዋለን። የእኔን ዋጋ እንደ መነሻ ያዙት፤ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኦሪጅናሉን ካስገጠምኩ ከስድስት ወር በኋላ እሱም መዝመም ጀመረ። በጣም ተናደድኩ። ከዚያ አንድ አዛውንት ባቲላሜራ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ክዳኑን ከፍተው በጣታቸው የማጠፊያውን ሥር ጫን አደረጉት። ብረቱ እንደ ደረቅ እንጀራ ፍርክስ አለ። «አንተ ልጅ፣ የታመመው ክዳኑ አይደለም። የተቀመጠበት ነው የታመመው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝገት ከበላው ብረት ይበልጥ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ከማጠፊያው ስር ዝገት ሲፈጠር እያበጠ ማጠፊያውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ክዳኑ የዘመመው ለዚህ ነው። የትኛውንም ክዳን ብትገዙ ያው ዝገት ይገፋዋል። የገዛሁት ሁሉ ያልጠቀመኝ ለዚህ ነበር።

ዝገቱ ከየት መጣ? ነዳጅ የሚሞላበት ጎድጓዳ ቦታ ከታች በኩል ትንሽ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ አለችው። እዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ አይለቅም። አቧራና ቅጠል ቀዳዳዋን ሲደፍናት ውሃው እዚያው ይተኛል። ከጀርባው ደግሞ የኋላ ጎማው አለ። ወደ ገጠር ወጣ ስንል የመረሬው ጭቃ ከፓራፋንጎው ውስጥ፣ የነዳጁ ቱቦ በሚያልፍበት በኩል፣ ይለጠፋል። ከላይ መኪናው ታጥቦ ያበራል፤ ከውስጥ ያ ጭቃ እስከ ኅዳር እርጥብ ነው።

ለዝገቱም ሁለት ምርጫ ይቀርብላችኋል፤ እዚህ ላይ ያለኝ አቋም ከክዳኑም ይጠነክራል። አንዱ ጋራዥ «በ2,500 ብር በአንድ ቀን እናስረክባለን» ይላል። ይህ ማለት ላይ ላዩን ፍቆ፣ ስቱኮ ለጥፎ፣ ቀለም መንፋት ነው። እኔ መጀመሪያ ያስደረግሁት ይህን ነው። ግንቦት ላይ አሠራሁ፣ ጥቅምት ላይ አረፋው ያው ቦታ ላይ ተመለሰ። ስቱኮ እርጥበት ይመጥጣል። ከስሩ ዝገት ከቀረ ውሃውን ይዞ ዝገቱን ይመግበዋል። ብሩ የገዛልኝ የአምስት ወር መሸፈኛ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ ነው። ጋሼ 9,000 ብር ጠየቁኝ፣ ከነቀለሙ። ሦስት ቀን ፈጀ። ሁለት ክረምት አልፎታል፤ እስካሁን አረፋ የለም። ክዳኑም ከገባበት አልተንቀሳቀሰም። ያንን 2,500 እና የኮፒውን 5,000 ብር ብትደምሩት 7,500 ነው። ገና ከመጀመሪያው ጋሼ ጋ ብሄድ ኖሮ 1,500 ብር ብቻ ነበር የምጨምረው።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። ብየዳው ከነዳጅ ቱቦው አጠገብ ነው። ጋሼ ስለ ሰልባትዮው፣ ስለ ነዳጅ ማጠራቀሚያው ማለት ነው፣ «ሰልባትዮውን ሳላወርድ እሳት አላስነካም። ቸኩለህ ከሆነ ሌላ ጋ ውሰደው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ሰልባትዮውን ለማውረድ ከ9,000 ብሩ 1,500 ያህሉ ይሄዳል። «ሳናወርድ እንሠራለን፣ ይቀንስልሃል» የሚላችሁ ካለ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። «ነዳጁ አልቋል፣ ባዶ ነው» የሚለውም አያሳምናችሁ። የሚፈነዳው የቤንዚኑ ትነት ነው፣ ባዶ የሚመስለው ሰልባትዮ ደግሞ በትነት የተሞላ ነው። የባትሪው ገመድም ከብየዳ በፊት ይነቀል፤ ካልሆነ የኮምፒዩተር ሳጥኑ ሊቃጠል ይችላል። እዚህ ላይ የሚቆጠብ ብር የለም።

ብረቱ ካልተበሳ ግን መቁረጥ አያስፈልግም። በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ጠንካራ ከሆነ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። የባልደረባዬን ቪትዝ ባለፈው ታኅሣሥ አብረን ሠራነው፤ 1,450 ብር ጨረሰ። የሽቦ ብሩሽ፣ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ የዝገት ማከሚያ አሲድ፣ ኤፖክሲ ፕራይመር። ነጭ ብረት እስኪታይ ተፋቀ። በየጉድጓዱ የቀረውን አሲዱ ያዘው። ከደረቀ በኋላ ፕራይመሩ፣ ስቱኮው ካስፈለገ ከፕራይመሩ በላይ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ስቱኮ በዝገት ላይ አይለጠፍም። የበጋ ሥራ ነው። በክረምት የሚነፋ ቀለም እርጥበት ይዞ ይነጣል፣ ወዙንም ያጣል።

ምንም የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። ዝገት ከሌለ የማጠፊያውን ቡሎኖች በግማሽ ዙር አላልታችሁ ክዳኑን በእጃችሁ አስተካክሉና መልሳችሁ አጥብቁ። ብዙ መኪኖች ላይ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ስለሆነ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይፈቅዳል። ክዳኑ በአንድ በኩል ብቻ ወደ ውስጥ ከሰመጠ ደግሞ ከስሩ ያለችው ጎማ ወድቃ ይሆናል። እሷን ኮፒ ግዙ፣ ምንም አይደለም፤ የእኔን በ80 ብር ነው የገዛኋት። የነዳጅ ቱቦውን አፍ የሚዘጋውን፣ የሚሽከረከረውን ታፖ ግን ኮፒ አትግዙ። የታፖው ጎማ በትክክል ላይዘጋ ስለሚችል መኪናው ውስጥ ቤንዚን ሊሸት ይችላል።

የባሕር ዳሯ የአክስቴ ልጅ ትናንት ፎቶ ላከችልኝ። የውሃ መውረጃዋ ቀዳዳ በቅጠል ተደፍናለች። ጎሚስታ ጋ ሄዳ በ50 ብር በአየር አስነፋቻት። ጭቃ ያለበት ውሃ ወጣ። አንድ ቦታ ላይ ትንሽ አረፋ አለ፣ ብረቱ ግን አልተበሳም። ክዳን እንዳትገዛ ነግሬያታለሁ። ቅዳሜ ማጠፊያውን ታስፈታዋለች፤ ከስሩ ያለውን ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች።