መጽሐፌን ከግብርና መደርደሪያ ላወጡልኝ ጋሼ

ሰላም ለሁላችሁም። ጽሁፉ ረዘም ይላል፣ ጊዜ ያላችሁ አንብቡት። ጊዜ የሌላችሁና ዘንድሮ ክሊራንስ (ስትመረቁ ከየክፍሉ ምንም እንደሌለባችሁ የሚፈረምላችሁ ወረቀት) የምታስፈርሙ ግን ዝለሉና መጨረሻ አካባቢ ያለውን እዩት፣ እሱ ይጠቅማችኋል።

ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው የጨረስኩት። ግቢያችን ከከተማው ዳር ነው። ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ጣፎ፣ ከዚያ ደግሞ ባጃጅ። ክረምት ሲገባ ባለባጃጁ ጭቃውን አይቶ "እዚህ ጋ ውረዱ" ይላል፣ ቀሪው በእግር ነው። የግቢውን ስም አልጽፍም። አንደኛ ቅሬታም ስላለኝ ነው። ሁለተኛ ደግሞ የማመሰግናቸው ሰው ራሳቸው "ስሜን እንዳትጽፊ፣ ነገ ሁሉም ወደ እኔ ይመጣና ቡናዬን የምጠጣበት ሰዓት አጣለሁ" ብለውኛል።

ጋሼ ነው የምንላቸው። ላይብረሪው ሁለተኛ ፎቅ ላይ መጽሐፍ የሚደረድሩ፣ የተቀደደውንም የሚጠግኑ ሰው ናቸው። አምስት ዓመት ስመላለስ "ዝም በሉ" ከማለት ሌላ ሥራ ያላቸው አይመስለኝም ነበር። እውነት ለመናገር እንፈራቸው ነበር። ሦስተኛ ዓመት እያለን ከጓደኛዬ ጋር ሳምቡሳ ደብቀን ስንበላ ያዙንና አልተቆጡም፣ ሶፍት አውጥተው ሰጡንና እጃችንን እስክንጠርግ ድረስ ዝም ብለው ቆመው አዩን። ቢቆጡን ይሻል ነበር።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፣ 50 ከመቶ ካላመጣችሁ አምስት ዓመት ተምራችሁም ዲግሪ የለም። እኔ አለፍኩ፣ እናቴ ዶሮ ሠራች፣ ጎረቤት ተጠራ። ሥራም ቶሎ ተገኘልኝ። መሥሪያ ቤቱ ግን "እስከ አርብ ቴምፖሽን (ጊዜያዊ ዲግሪሽን) ይዘሽ ነይ፣ አለበለዚያ ቀጣዩን ሰው እንጠራለን" አለ። ቀኑ ማክሰኞ ነው። የቀረኝ ክሊራንስ ብቻ ስለነበር ምንም አልጨነቀኝም። ዲፓርትመንት ፈረመ፣ ላብራቶሪ ፈረመ፣ ፋይናንስ እንኳን ፈረመ። ላይብረሪ ስደርስ ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሩን አየችና "አንድ መጽሐፍ አለብሽ" አለችኝ።

የለብኝም። መልሻለሁ። ታኅሣሥ ላይ በእጄ ነው የመለስኩት፣ የአፈር መካኒክስ መጽሐፍ፣ ወፍራም፣ ቡናማ ሽፋን ያለው። "ሲስተሙ አልተመለሰም ይላል" አለችኝ። ሲስተሙን ላናግረው አልችልም መቼም። ኃላፊዋ ጋ ገባሁ። እሳቸውም "ያንኑ መጽሐፍ፣ ያንኑ ኅትመት ገዝተሽ ተኪ" አሉኝ። ረቡዕ ጠዋት ለገሃር ዞርኩ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ጋ ዞርኩ። አንዱ "ኦሪጅናሉ የለም፣ ፎቶኮፒ ላሠራልሽ" አለኝ። ሌላው ኅትመቱን ሲሰማ ሳቀብኝ። በልምምድ ጊዜ ካገኘኋት አበል ላይ የተረፈችኝ ብር ታክሲ ላይ አለቀች። ከሰዓት ተመልሼ ላይብረሪው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ።

ጋሼ የቡና ስኒያቸውን ይዘው ሲወጡ አገኙኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ማን ሞተብሽ?"

"መጽሐፍ ጠፋብኝ ጋሼ። አልጠፋብኝም፣ መልሻለሁ ግን…"

"መቼ ነው የመለስሽው?"

"ታኅሣሥ። ቀኑን እንጃ፣ መብራት የጠፋ ቀን ነበር።"

"እስቲ መብራት ያልጠፋበትን ቀን ንገሪኝ" አሉና ስኒያቸውን ደረጃው ላይ አስቀምጠው ተመልሰው ገቡ።

እዚህ ጋ የሆነውን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የብዙዎቻችሁ ችግር ከዚሁ ነው የሚመጣው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ኮምፒውተር የለም፣ ስለዚህ የሚመለሰው መጽሐፍ ሁሉ በእጅ ደብተር ላይ ይጻፋል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ከደብተሩ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል። ይገለበጣል ተብሎ ይታሰባል ማለቴ ነው። ጋሼ ስቶር ገብተው ከአሮጌ ጋዜጣ ክምር ሥር ሦስት ደብተር አወጡ፣ አቧራውን በክንዳቸው ጠረጉና አንድ በአንድ ይገልጡ ጀመር። ሁለተኛው ላይ ስሜን አገኙት። ስሜ፣ የመታወቂያ ቁጥሬ፣ ከዚያ "ሲቪል፣ 1 መጽሐፍ"። በቃ። የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ የለም።

ኃላፊዋ ደብተሩን አዩት። አልጮሁም፣ አላመናጨቁኝም፣ ግን "የመዝገብ ቁጥሩ የለም፣ በዚህ ብቻ ልፈርም አልችልም" አሉ። ሳስበው ልክ ናቸው። የአንድ መጽሐፍ ሦስት ቅጂ ቢኖር ሦስቱም የየራሳቸው የመዝገብ ቁጥር አላቸው፣ ውስጡ ማኅተም ሥር ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እኔ የወሰድኩት ቅጂ መደርደሪያ ላይ ካልተገኘ ገና እኔ ዘንድ ነው ማለት ነው። "መጽሐፉ ይገኝ፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ" አሉ።

"ነይ" አሉኝ ጋሼ።

መጽሐፉ መቀመጥ ያለበት 624 ላይ ነው። ለማታውቁት፣ መጽሐፍ ጀርባ ላይ የምታዩት ቁጥር ዝም ብሎ ተራ ቁጥር አይደለም። ዴዊ የሚባል አሜሪካዊ በ1876 እንደ ፈረንጆቹ ያወጣው አከፋፈል ነው፣ ዕውቀቱን ሁሉ ከ000 እስከ 999 ቁጥር ሰጥቶት። ጋሼ እንደ ኮንዶሚኒየም አድርገው ነው ያስረዱኝ፣ ፊት ያለው ብሎኩ፣ ከነጥቡ ወዲያ ያለው ደግሞ የቤት ቁጥሩ። 624 የሲቪል ብሎክ ነው። 963 የኢትዮጵያ ታሪክ። አምስት ዓመት እዚያ ቤት ስገባ ስወጣ ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

624 ላይ ሁለት ቅጂ አለ። የእኔ የለም። ከመደርደሪያው ኋላ ወድቆ እንደሆነ እጃቸውን ሰደው ፈተሹ፣ አንድ እስክሪብቶና የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ብቻ ወጣ። ልጣጩን አሳዩኝ። ምንም አላሉኝም፣ እኔ ግን ሳምቡሳው ትዝ አለኝ።

ከዚያ ወደ 642 ሄዱ። ለምን ስላቸው "ሰው ሲቸኩል 4ን እና 2ን ያገላብጣል" አሉኝ። 642 ስለ ማዕድ አቀራረብ ነው፣ የሆቴል ማኔጅመንት ልጆች መደርደሪያ። በጣታቸው የመጻሕፍቱን ጀርባ እየነኩ ሄዱ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቁጥር እያነበቡ ነው። የለም። ቀጥለው 200ዎቹ ጋ ወሰዱኝ፣ የሃይማኖት መጻሕፍት ጋ። ፈተና ሲደርስ ተማሪ መጽሐፍ ሌላ ሰው እንዳይወስድበት እዚያ ይደብቃል አሉ፣ ማንም ስለማይነካው። እንዲያውም እዚያው አንድ የካልኩለስ መጽሐፍ መዘው አወጡና "ይኸው፣ ይሄም ለመጸለይ መጥቶ ነው" አሉ። ካልኩለሱን የደበቅከው ወንድሜ፣ ታውቋል።

አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው። እኔ ተስፋ ቆርጫለሁ። ጋሼ ቆም አሉና "የመጽሐፉ ስም ምንድን ነው ያልሽው?" አሉኝ። አፈር መካኒክስ አልኳቸው። "አፈር" አሉ ለራሳቸው። "ታኅሣሥ ላይ የምትረዳን ጊዜያዊ ልጅ ነበረች። ቁጥር አታይም፣ ስም ነው የምታየው።" ቀጥ ብለው በልገሳ የመጡ የግብርና መጻሕፍት ወዳሉበት ጥግ ሄዱ። 631 ነጥብ 4 የግብርናው አፈር ቁጥር ነው። ማዳበሪያ፣ መስኖ፣ የአፈር ለምነት፣ ከዚያ መካከል ቡናማው መጽሐፌ ከነወፈሩ ተቀምጧል። ሰባት ወር እዚያ ነበር። አንድም ሰው አልነካውም።

አቀፍኳቸው። ደነገጡ። መጽሐፉን ገልጠው የመዝገብ ቁጥሩን ከካርዴ ጋር አመሳከሩ፣ ያው ነው። ከዚያ ገጹን ገልበጥ ገልበጥ ሲያደርጉ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ዳር ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቀመር አለ።

"ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?"

የእኔ ነው። መካድ አልቻልኩም፣ ከታች ፈገግታ የምትመስል ነገር ሥዬበታለሁ። ከኪሳቸው ላጲስ አወጡ። ያቺን ላጲስ እንዴት እንደምገልጻት አላውቅም፣ ከማለቋ የተነሳ ሽንብራ ታህላለች። አጥፍቼ ስጨርስ ፍርፋሪውን በመዳፋቸው ጠርገው "አሁን ሂጂና አስፈርሚ" አሉኝ። ኃላፊዋ ቃላቸውን ጠበቁ፣ ወዲያው ፈረሙ።

ለጋሼ የሆነ ነገር ልሰጣቸው ፈልጌ ነበር፣ ብርም ባይሆን የስልክ ካርድ ምናምን። ፊታቸው ሲለወጥ ሳይ እጄን መለስኩ። ይልቅ ሌላ ነገር ጠየቁኝ። "በየተከራያችሁበት ቤት የቀሩ መጻሕፍት አሉ፣ አውቃለሁ። ጓደኞችሽን ጠይቂና አምጪልኝ። ማንንም ስም አልጠይቅም" አሉኝ። ሐሙስ ቴምፖዬን ከሬጅስትራር አስጽፌ ከወጣሁ በኋላ ጣፎ ያሉትን የክፍል ልጆች ቤት ለቤት ዞርኩ። ዘጠኝ መጽሐፍ ሰበሰብኩ። አንዱ የአልጋ እግር ሥር ነበር፣ አልጋው እንዳይነቃነቅ። አንዱ ላይ ድስት ይቀመጥበት ስለነበር ሽፋኑ ላይ ክብ ጥቁር ምልክት አለ። አንዱ ደግሞ ጣሪያ አፍስሶበት ራሷል፣ ልጅቷ አፍራ በፌስታል ጠቅልላ ነው የሰጠችኝ።

በማዳበሪያ ተሸክሜ ስገባ ጥበቃው ልፈትሽ ብሎ አስከፈተኝ። "መጽሐፍ ይዞ የሚወጣ ነበር የምይዘው፣ ይዞ የሚገባ ዛሬ አየሁ" አለ።

ያን ቀን ከሰዓት እዚያው ዋልኩ፣ የምሄድበትም አልነበረኝም። ጋሼ የራሰውን መጽሐፍ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል ብዬ ስጠብቅ በጥላ አቁመው እንደ ማራገቢያ ገለጡት፣ በየተወሰነ ገጹ መካከል ነጭ ወረቀት ከተቱ፣ ወረቀቱ ሲርስ ይለውጣሉ። ፀሐይ ያጣምመዋል አሉ። የሚያብለጨልጭ ወረቀት ከሆነ ደግሞ ሳይለያይ ከደረቀ ተጣብቆ ይቀራል፣ በኋላ ልላቅቀው ብትሉ ጽሑፉ አብሮ ይነሳል። ድስት የተቀመጠበትን ጀርባው ስለተገነጠለ ኮላ ቀቡት። ኮላው ከሱቅ የተገዛ አይደለም፣ ከስንዴ ዱቄት ራሳቸው ያበሰሉት ነው፣ በትንሽ የሕፃን ወተት ጣሳ። ፕላስተር ለምን አትጠቀሙም አልኳቸው። ከዓመታት በፊት ፕላስተር የተለጠፈበት መጽሐፍ አውጥተው አሳዩኝ፣ ፕላስተሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቢጫ ሆኖ ደርቋል፣ ወረቀቱንም በልቶታል።

አሥር ሰዓት ላይ ሠራተኞቹ ከካታሎግ ክፍሉ ጀርባ ቡና ያፈላሉ። እኔም ተጠራሁ። ካውንተር ያለችው ልጅ ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ እኔም ስለጮህኩባት ጠየቅኳት። የዚያን ሳምንት ዕቁብ ለጥበቃው ነበር የወጣው፣ ጋሼ የሚቀጥለው ወር ቢደርሳቸው ደስ እንደሚላቸው ለሁሉም እየነገሩ ነበር፣ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። እጣ መለዋወጥ ይቻላል አይቻልም የሚለው ላይ ረጅም ክርክር ተነሳ። ኃላፊዋ "በሕጉ መሠረት አይቻልም" አሉ። ለዕቁብም ሕግ አላቸው እኚህ ሴትዮ።

አሁን ለምትመረቁት። እዚህ ግቢ የምትማሩ ከአነጋገሬ አውቃችሁታል፣ የሌላውም ግቢ ብትሆኑ ያው ነው። ክሊራንስ የሚጨናነቀው ውጤት ከወጣ በኋላ ስለሆነ ከፈተናው በፊት ካውንተር ሄዳችሁ "በስሜ ምን አለ?" በሉ፣ ሁለት ደቂቃ ነው። መብራት ጠፍቶ መጽሐፍ ከመለሳችሁ የመዝገብ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ እንዲጽፉ ቆማችሁ እዩ፣ ገጹንም በስልክ ፎቶ አንሱት። መልሳችሁ ሳለ አለብህ ከተባላችሁ ለመክፈል አትቸኩሉ፣ ሁለተኛ ፎቅ ውጡ። ጋሼ ከመስኮቱ ሥር ናቸው፣ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በኋላ። በአሥር ሰዓት አትሂዱባቸው፣ ቡና ላይ ናቸው። የመጽሐፉን ስምና የሽፋኑን ቀለም ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱን ነው መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ። ገንዘብ አታሳዩአቸው። እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡ።

ሥራዬን ሰኞ ጀምሬያለሁ። ሳይቱ ላይ የመጀመሪያ ቀን የሰጡኝ የአፈር ምርመራ ውጤት እንድመዘግብ ነው፣ ስለዚህ ያ መጽሐፍ አሁንም አልለቀቀኝም።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጅዎን በደስታ ይዳሩ።

አንድ ነገር ደግሞ። ጋሼ አሁንም የሚፈልጉት አንድ መጽሐፍ አለ፣ 519 ነጥብ 5፣ ስታትስቲክስ፣ ሰማያዊ፣ ጥጉ የታጠፈ። 200ዎቹም ጋ የለም፣ ፈትሸዋል። ቤታችሁ ካለ ጥበቃው ጋ ተዉት፣ ስም አይጠየቅም።