የቡድን ማያያዣዎቻችንን ለጠገኑልን የሐዋሳ ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሁፍ የማቀርበው በሐዋሳ ከተማ የሚኖሩ አንዲት የሲስተም ባለሙያ ለመሥሪያ ቤታችን የሠሩትን ሥራ በይፋ ለማመስገንና ተመሳሳይ ችግር ለገጠመው ድርጅት ለመጠቆም ነው። እኔ በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም የአይቲ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ በሐዋሳ፣ በይርጋለምና በአለታ ወንዶ ቅርንጫፎቻችን የሚገኙትን 140 ያህል ላፕቶፖችና ታብሌቶች የምናስተዳድረው ከአንድ ማዕከል በሶፍትዌር ነው።

ባለፈው ኅዳር ወር ይህን ሶፍትዌር ወደ አዲስ ሰርቨር (ሶፍትዌሩ ወደሚሠራበት ማዕከላዊ ኮምፒውተር) አዛወርን። ሥራውን በኮንትራት የወሰደው ድርጅት ፖሊሲዎቹንም (ማሽኖቹ የሚታዘዙባቸውን ደንቦች) ቡድኖቹንም (አንድ ዓይነት ደንብ የሚመለከታቸውን ማሽኖች ስብስቦች) አሻግሮ አስረከበን፤ እኛም ስሞቹ በሙሉ በዝርዝሩ ላይ መኖራቸውን አይተን ፈረምን። በማግስቱ በይርጋለም ቅርንጫፍ የቡና ገንዘባቸውን ሊቆጥቡ የመጡ አንድ አባት ደብተራቸውን አቅርበው ቆመው ሳለ፣ የገንዘብ ተቀባይዋ ኮምፒውተር ማሻሻያ ሊጭን በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ተነሣ። እነዚህ ማሽኖች በሥራ ሰዓት እንዳይዘጉ ከማሻሻያው ፖሊሲ ውጪ የሚያደርጋቸው ቡድን ነበረን። ቡድኑም ፖሊሲውም በቦታቸው አሉ፤ የትኛው ፖሊሲ የትኛውን ቡድን እንደሚመለከት የሚያሳየው ማያያዣ ግን ተበጥሷል።

ባለሙያዋ ምክንያቱን በእኛው ሥራ ቋንቋ አስረዱን፤ ሁለት ደንበኞች አንድ ዓይነት ስም ቢኖራቸው ገንዘቡ የሚገባው በሒሳብ ቁጥሩ እንጂ በስሙ አይደለም። ቡድንም እንዲሁ ነው። የተጠቃሚዎችና የኮምፒውተሮች መዝገብ በሆነው በዊንዶውስ አክቲቭ ዳይሬክተሪ አንድ ቡድን ጠፍቶ በዚያው ስም እንደገና ቢፈጠር፣ አዲሱ ቡድን አዲስ የደኅንነት መለያ ስለሚሰጠው የቀድሞው ቡድን ፈቃዶች አይመለሱለትም። ማሽኖችን ከርቀት ማስተዳደሪያ የሆነው ማይክሮሶፍት ኢንቲዩንም ፖሊሲን ከቡድን ጋር የሚያገናኘው 32 ፊደላትና አሃዞች ባሉት መለያ ነው። የእኛም ፖሊሲዎች ወደ አዲሱ ሰርቨር የተሻገሩት የአሮጌውን ቡድን መለያ እንደያዙ ነበር፤ ቡድኖቹ ግን እዚያ አዲስ መለያ ተሰጥቷቸዋል።

እኛ የተበላሹትን እየሰረዝን በእጅ እንደገና ልናያይዝ ጀምረን ነበር። እርሳቸው ግን «ምንም ነገር አትሰርዙ፤ የተበጠሰው መለያ ራሱ የማን እንደነበረ የሚነግረን ማስረጃ ነው» ብለው አስቆሙን። አሮጌው ሰርቨር ለንባብ ብቻ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ አደረጉ፤ ፖሊሲዎቹን በሙሉ ወደ ጽሁፍ ፋይል አውጥተው በውስጣቸው ያገኙትን እያንዳንዱን መለያ ከቡድኑ ስምና ከአዲሱ መለያ ጋር በሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ አሰፈሩ።

ሥራቸውን እንዳደንቅ ያደረገኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ስምን ከስም የሚያዛምደው ስክሪፕት (አጭር የትእዛዝ ፕሮግራም) አብዛኛውን ቡድን ሲያገኝ የዋናው ቅርንጫፍ ገንዘብ ተቀባዮች ቡድን ግን «የለም» ይል ነበር፤ በዓይን ስናየው ግን አለ። ባለሙያዋ ሁለቱን ስሞች አግድም ደርድረው ፊደል በፊደል ሲያነጻጽሩ፣ አንዱ «ሀዋሳ» ሌላው «ሐዋሳ» ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆነው ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ፊደላት ነው። ቡድኖቻችንን በአማርኛ የምንሰይም ሁሉ ይህን ልብ ልንል ይገባል።

የጥገናውን ቅደም ተከተልም በጥንቃቄ ወሰኑ። አንዳንዱ ቡድን በሌላ ቡድን ውስጥ ስለሚገባ መጀመሪያ የውስጠኞቹን አስተካከሉ፤ ቀጥሎም ከፖሊሲ ውጪ የሚያደርጉትን ማያያዣዎች አስቀደሙ። ቡድንን በፖሊሲ ውስጥ የሚያስገባው የማካተቻ ማያያዣ ቢበጠስ ፖሊሲው ሳይደርስ ይቀራል፤ የማግለያው ቢበጠስ ግን ፖሊሲው ሊደርስበት በማይገባው ማሽን ላይ ይወርዳልና። ለውጡን በ5 ማሽኖች ላይ ፈትነው፣ የሥራ ሰዓት ካለፈ በኋላ ወደ ቀሩት አሻገሩት። ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ፤ ክፍያውም በውሉ ላይ ከተስማማንበት አልጨመረም። ሠንጠረዡንና ስክሪፕቱን ከአጭር ማብራሪያ ጋር አስረክበውን ስለሄዱ ዛሬ የክፍላችን ሠራተኞች ራሳቸው ይጠቀሙበታል።

ለእኅታችን ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ተመሳሳይ ዝውውር ያቀደ ድርጅት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቢያማክራቸው እመክራለሁ። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ፣ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ አድራሻቸውን በእርሳቸው ፈቃድ እሰጣለሁ።