ብርሃኑን አስገብቶ ሙቀቱን የሚያስቀር፦ የሴራሚክ የመስታወት ፊልም በአዳማ ፀሐይ

አዳማ የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሳሎን ሁለቱም መስኮቶቹ ወደ ምዕራብ ስለሚመለከቱ፣ በበጋው ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ ፈተና ነበር። እናቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህ ብርሃን ዓይኗን ስለሚወጋት መጋረጃው ተዘግቶ ይውላል፤ መጋረጃ ግን ሙቀቱን የሚያገኘው መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ ስለሆነ ጨለማውን እንጂ ቅዝቃዜውን አላገኘንም። ከዚያ በፊት ከአንድ ሱቅ በርካሽ የገዛነው ጥቁር ፊልም (መስታወት ላይ የሚለጠፍ ስስ ፕላስቲክ) በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ሐምራዊ ተለውጦ፣ አረፋ እያወጣ ተላጥቷል። በቀለም ብቻ የተሠራ ፊልም ፀሐይ ሲመታው ቀለሙን መልቀቁ የታወቀ ነው፤ ያንን የሚነግረን ሻጭ ግን አላገኘንም።

በዚህ ዓመት ያስለጠፍነው ሴራሚክ የሚባለው ሲሆን፣ ከሚታየው ብርሃን 70 በመቶውን ያሳልፋል። ከፀሐይ ከሚደርሰን ኃይል ግማሽ ያህሉ ዓይናችን የማያየው ታሕተ ቀይ ጨረር በመሆኑ፣ በፊልሙ ውስጥ ያሉት እጅግ ደቃቅ የሴራሚክ ቅንጣቶች ይህንን እየያዙ ብርሃኑን በአብዛኛው ይለቁታል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መዳፌን መስታወቱ ላይ ሳሳርፍ ከቀድሞው ይበልጥ ይሞቃል፤ ከመስኮቱ ሥር ያለው የሶፋ መደገፊያ ግን እንደ በፊቱ አይፋጅም። ፊልሙ የያዘው ሙቀት መስታወቱን ስለሚያሞቀው፣ ድርብ መስታወት ወይም ጠርዙ የተሰነጠቀ መስታወት ያለው ሰው ሳያማክር ባያስለጥፍ እመክራለሁ፤ መስታወቱ ሁሉም ቦታ እኩል ሳይሞቅ ሲቀር ሊሰነጠቅ ይችላልና።

ስለ ቁጥሮቹ ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ሻጩ ከፊልሙ ጀርባ የማሞቂያ መብራት አብርቶ እጄን እንዳስጠጋ አደረገኝና «90 በመቶ ሙቀት ያግዳል» አለኝ። እጄ በእርግጥም ሙቀት አልተሰማውም፤ ነገር ግን 90 የተባለው የታሕተ ቀዩን ጨረር ብቻ የሚመለከት ነው። ገዢ ሊጠይቀው የሚገባው ፊልሙ ከጠቅላላው የፀሐይ ኃይል ስንት በመቶውን እንደሚያስቀር ሲሆን፣ በእኛው ፊልም ማብራሪያ ላይ የሰፈረው 48 ነው። ባዶው መስታወት ራሱ 15 በመቶ ያህሉን ስለሚያስቀር፣ የከፈልንበት ትርፍ የሁለቱ ልዩነት ነው ማለት ነው። እኔ ይህን ልዩነት አልናቅኩትም፤ በተመሳሳይ ጠራራ ቀናት በ9 ሰዓት 32 ዲግሪ ያነብ የነበረው የሳሎኑ ቴርሞሜትር አሁን 29 ላይ ይቆማል።

የለጠፈው ወጣት ሥራውን የሚያውቅ ነበር። መስታወቱን በሳሙና ውሃ አጥቦ፣ የደረቀውን የቀለም ጠብታ በምላጭ ፍቆ፣ ፊልሙን በውስጥ በኩል ካሳረፈ በኋላ ውሃውን በጎማ መጥረጊያ ከመሀል ወደ ዳር ገፋው። ለሦስት ሳምንት ያህል እዚህም እዚያም ደመና መሰል ነገር ስለታየን ደንግጠን ነበር፤ የቀረው ውሃ ሲደርቅ ግን ጠፋ።

ዓይን የሚወጋውን ነጸብራቅ በተመለከተ ግን እንደ ሙቀቱ አፌን ሞልቼ አልናገርም። 70 በመቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ፊልም የብርሃኑን ጥንካሬ ያለዝበዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ዋና ችግሩ ነጸብራቅ የሆነበት ሰው ከ50 በመቶ በታች የሚያሳልፈውን ቢመርጥና ክፍሉ መጨለሙን ቢቀበል ይሻለዋል። እናቴ አሁን ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ከሰዓት በኋላ ጥጥ ትፈትላለች። ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትገባ፣ ስሱን መጋረጃ እስክትጠልቅ ድረስ እንስበዋለን።