ጨረታ ወይስ ቀጥታ ግዥ?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲገዛ ዋናው መንገድ ግልጽ ጨረታ ነው። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ተጫራቾች ማስከበሪያ (የዋስትና ገንዘብ) ያስይዛሉ፣ የታሸገው ፖስታ በፊታቸው ይከፈታል። ጊዜ ይፈጃል፤ ግን ዋጋ ያወዳድራል።

ቀጥታ ግዥ ይፈጥናል፤ ከአንድ አቅራቢ ጋር ተነጋግሮ መግዛት ነው። ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የፌዴራል መንግሥት ግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ይህን የፈቀደው በጠባቡ ነው፦ ለምሳሌ ዕቃው አንድ አቅራቢ ጋር ብቻ ሲገኝ፣ ለነባሩ ማሽን የሚገጥመው የዚያው አቅራቢ መለዋወጫ ሲሆን፣ ወይም አስቸኳይ ችግር ሲመጣ። ከውድድር ለመሸሽ ግን አይቻልም።

የምታጨቃጭቀው «አስቸኳይ» የምትለዋ ቃል ናት። ጎርፍ የጤና ጣቢያ መድኃኒት ቢያበላሽ ይገባኛል። ሰኔ ላይ፣ በጀት ሊዘጋ ሲል የሚመጣው ጥድፊያ ግን፣ እንጃ፣ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ የመክረም ውጤት ይመስለኛል።