ቤት ድረስ ለሚመጡት ሲስተርና ፊዚዮቴራፒስት፦ ምስጋናና ጥቆማ

እኛ በነርቭ ቀዶ ሕክምና የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ይህን የምንጽፈው በአዲስ አበባ ቤት ለቤት እየሄዱ ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎችንና ከአከርካሪ ዕጢ ቀዶ ሕክምና የወጡ ሕሙማንን የሚከታተሉትን ሲስተርና አብረዋቸው የሚሠሩትን ፊዚዮቴራፒስት በአደባባይ ለማመስገን ነው። እግረ መንገዳችንን፣ እንዲህ ያለ ታማሚ ቤታችሁ ካለ እንድትጠሯቸው እንጠቁማለን። ስማቸው እንዲለጠፍ ስላልፈለጉ አልጻፍነውም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቅ ቤተሰብ አድራሻቸውን እንሰጣለን።

ቀዶ ሕክምናው ምንም ያህል ቢሳካ፣ እግሩ አልታዘዝ ያለው ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ለሞት የሚዳርገው ብዙ ጊዜ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የአልጋ ቁስል ወይም በእግሩ ደም ሥር ረግቶ ወደ ሳንባ የሚሄድ ደም ነው። የነርቭ ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል የአከርካሪ ጉዳት ማዕከሉን ሲጀምሩ፣ እንዲህ የተጎዳ ሰው ብዙም አይቆይም ተብሎ ተስፋ የሚቆረጥበት ዘመን ነበር። ያንን የቀየሩት ቀንም ሌሊትም በየ2 ሰዓቱ በማገላበጥ፣ ፊኛን በንጽሕና በመያዝ፣ ታማሚውን ቶሎ አስቀምጦ በማንቀሳቀስ ነው። ሲስተር ዛሬ በየቤቱ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ሥራቸው ሳይታይ የሚቀረውም ቀላል ስለሚመስል ነው።

ከሽንት እንጀምር። ብዙ ሕሙማን ከሆስፒታል የሚወጡት ፎሊ ካቴተር የሚባለው፣ ፊኛ ውስጥ የሚቆይ የሽንት ቱቦ እንደተደረገላቸው ነው። ቱቦው ለወራት ሲቆይ ባክቴሪያ ያራባል፣ የፊኛ ጠጠር ያመጣል፣ ወንዶች ላይ ደግሞ እየተጎተተ የብልትን ጫፍ ከሥሩ ይሰነጥቃል። ሲስተር ገና ከመግባታቸው የሚያዩት ቱቦው በምን እንደተያዘ ነው። ለወንድ ወደ ላይ ዞሮ ከታችኛው ሆድ ጋር ወይም ሳይወጠር ከጭኑ ጋር በፕላስተር መያያዝ፣ ከረጢቱም ከፊኛው ዝቅ ብሎ፣ ወለሉን ሳይነካ መንጠልጠል አለበት። ሐኪሙ ሲፈቅድ በየተወሰነ ሰዓት ገብቶ ወዲያው ወደሚወጣው ካቴተር ያሸጋግሯቸዋል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቁት አሜሪካዊው የሽንት አካላት ሐኪም ጃክ ላፒደስ ናቸው። ሐሳባቸው፣ ፊኛው ከመጠን በላይ እስካልተወጠረ ድረስ ባክቴሪያን ይቋቋማል፣ ስለዚህ ንጹሕ እጅና ንጹሕ ቱቦ ይበቃል የሚል ነበር።

ሲስተር ይህን ለአስታማሚው የሚያስተምሩት ራሱ እየሠራ ነው። ለአዋቂ ብዙውን ጊዜ ቁጥር 12 ወይም 14 ካቴተር፣ በየ4 እስከ 6 ሰዓት። እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ቱቦው ጄል ይቀባል፣ ለወንድ ብልቱ ወደ ላይ ቀና ተደርጎ ይያዛል። መንገድ ላይ ቱቦው ያዝ ሲያደርገው መግፋት የለም፤ ታማሚው ረጅም ትንፋሽ እየወሰደ ጡንቻው እስኪለቅ ይጠበቃል። በጉልበት የገባ ቱቦ የሽንት መውጫውን ያቆስላል፣ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ያጠበዋል፣ ከዚያ ወዲያ ካቴተር ማስገባት ራሱ ፈተና ይሆናል። ሽንቱ መውረድ ሲጀምር ጥቂት ሳንቲሜትር ይጨመራል፤ ሲያበቃ ቀስ እያለ ይወጣል፣ እንደገና ጠብ ካለ ቆም ይባላል፣ ምክንያቱም ኢንፌክሽን የሚጀምረው ከሥር በሚቀረው ሽንት ነው። መጠኑ በየጊዜው ተለክቶ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ከወጣ ሰዓቱ ይጠጋል። አስታማሚዎች ሥራ ለመቀነስ ብለው ውኃ ይከለክላሉ፤ ሲስተር ይህን አጥብቀው ይቃወማሉ። ሌላም የምናከብርላቸው ነገር አለ፦ ትኩሳት፣ አዲስ የጡንቻ መወጣጠር ወይም ሌላ ምልክት ሳይኖር ሽንቱ ደፈረሰ ብቻ ተብሎ አንቲባዮቲክ እንዲጀመር አይፈቅዱም። እንዲያ እየተባለ ነው መድኃኒቱ ለቁርጥ ቀን ሳይሠራ የሚቀረው።

አሁን የምንጽፈውን ግን የምታስታምሙ ሁሉ በቃላችሁ ያዙት። ጉዳቱ ከደረት 6ኛው የህብለ ሰረሰር አንጓ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ድንገት ራሱን ፍልጥ ሊያደርገው ይችላል። ፊቱ ይግላል፣ ከጉዳቱ በላይ ያለው ገላው በላብ ይጠመቃል፣ የልብ ምቱ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በደህናው ቀን 90 ወይም 100 የነበረው የላይኛው የደም ግፊት በደቂቃዎች ውስጥ ከ150 ሊያልፍ ይችላል። አውቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ ይባላል። ከታች ፊኛ ወይም አንጀት ተወጥሮ ነርቮቹ የደም ሥሮችን ሲያጠብቡ፣ አንጎል ለማርገብ የሚልከው ትእዛዝ ጉዳቱን ተሻግሮ መውረድ አይችልም። ችላ ከተባለ አንጎል ውስጥ ደም እስከመፍሰስ ይደርሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ራስ ምታት ነው ብሎ ሲያስተኛው ነው፤ ማስተኛት ግፊቱን ያብሰዋል። መጀመሪያ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ እግሩን ወደ ታች አውርዱ፣ ቀበቶውን፣ ካልሲውን፣ የጠበቀውን ልብስ ሁሉ ፍቱ። ቀጥሎ ፊኛውን፦ ቱቦ ካለው ታጥፎ ወይም ተደፍኖ እንደሆነ እዩ፤ ከሌለው ወዲያው ካቴተር አስገቡ። ፊኛው ባዶ ከሆነ አንጀቱን ፈትሹ፤ ግን ጣት ከማስገባታችሁ በፊት የሚያደነዝዘውን የሊዶኬይን ጄል ቀብታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ያለዚያ ንክኪው ራሱ ግፊቱን ይጨምረዋል። ግፊቱን በየ2 እስከ 5 ደቂቃ ለኩ። መንስኤው ካልተገኘ፣ ወይም ግፊቱ ከ150 በላይ ሆኖ ከቀጠለ፣ እንደተቀመጠ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ ለሐኪሙም የጉዳቱን ቦታ ንገሩት። ሲስተር ይህን ቅደም ተከተል በአንድ ወረቀት ጽፈው የአልጋው ራስጌ ላይ ይለጥፉላችኋል።

ስለ ቆዳ ብዙ አንልም፤ ማገላበጡን ሁሉም ሰምቶታል። የማይነገረው ግን የእኛ ቆዳ ሲጎዳ መጻሕፍቱ እንደሚሉት ቀልቶ አለመታየቱ ነው። ሲስተር የሚፈልጉት ከአካባቢው ጠቆር ያለ፣ ሲዳስሱት የሞቀ ወይም ጠጠር ያለ ቦታ ነው፤ ካገኙ ያ ቦታ እስኪመለስ ድረስ አይተኛበትም፣ አይታሽም። ውኃ የተሞላ ጓንት ከተረከዝ ሥር ማድረግና መሐሉ ክፍት የሆነ ክብ ትራስ ላይ ማስቀመጥ ዛሬም አልቀረም፤ ሁለቱም ቁስሉን ያብሳሉ። ትራሱ ከባት ሥር ይሁንና ተረከዙ አየር ላይ ይቅር።

ፊዚዮቴራፒስቱን ያደነቅናቸው በአንድ ነገር ነው። ጉዳቱ 6ኛው የአንገት አንጓ ላይ የሆነ ሰው ጣቶቹን ማዘዝ አይችልም፣ የእጁን አንጓ ወደ ላይ ማንሳት ግን ይችላል። ሲያነሳው የጣት ጅማቶቹ ተስበው ጣቶቹ በራሳቸው ይታጠፋሉ፣ አውራ ጣቱም ጠቋሚው ጎን ላይ ያርፋል። በዚህች መያዣ ማንኪያ ይነሳል፣ ጉርሻ ይያዛል፣ ስልክ ይነካል። የሚያሳዝነው፣ ቤተሰብ በፍቅር ጣቶቹን በየቀኑ እስከ ጫፍ እየዘረጋ ሲያሽ እነዚያን ጅማቶች ያረዝማቸዋል፤ ከዚያ አንጓው ቢነሳም ጣቶቹ አይዘጉም። ፊዚዮቴራፒስቱ ጣት የሚዘረጉት አንጓው ወደ ታች ታጥፎ እያለ ብቻ ነው፤ አንጓው ሲነሳ ጣቶቹ እንዲታጠፉ ይተዋሉ። ለአስታማሚው ደጋግመው አሳይተው፣ አስታማሚው ራሱ ሠርቶ እስኪያሳያቸው አይወጡም።

ከዕጢ ቀዶ ሕክምና ለወጡት ደግሞ ሲስተር በመጀመሪያው ቀን የሚቆጥሩት የዴክሳሜታዞን ፍሬ ነው። መድኃኒቱ በዕጢው ዙሪያ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ስለሚቀንስ ለውጡ በቶሎ ይታያል፤ ለዚህም ነው ቤተሰብ የሚወደው። ችግሩ በሁለት በኩል ይመጣል። አንዱ፣ ተሻለኝ ብሎ በአንድ ቀን ማቆም ነው፤ ለሳምንታት የወሰደ ሰው ተመሳሳዩን ሆርሞን በሰውነቱ የሚያመነጨው አድሬናል የተባለው ክፍል ስለተኛ ድንገት ሲቆም አቅም ያጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ሌላው፣ የታዘዘበት ቀን አልፎም መቀጠል ነው፤ ስኳር ይጨምራል፣ ጭን ይሰልላል፣ ኢንፌክሽን ትኩሳት ሳያሳይ ይገባል። ስለዚህ ሐኪሙ ያዘዘውን የመቀነሻ ሰሌዳ ቀን በቀን ይጽፉላቸዋል፤ የዕለቱ የመጨረሻ ፍሬ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት እንዲወሰድ ከሐኪሙ ጋር ያመቻቻሉ፣ አለዚያ እንቅልፍ የለም። የተረፈውንም ለጎረቤት እንዳይሰጥ ያስጠነቅቃሉ። ዕጢ ላይ የሠራ መድኃኒት ራሱን ለተመታ ሰው ይሠራል ማለት አይደለም፦ ክራሽ በተባለው ከ10,000 በላይ ሰዎች በተካተቱበት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ውጤት፣ ከራስ ጉዳት በኋላ ስቴሮይድ (የዴክሳሜታዞን ዓይነት መድኃኒት) ከተሰጣቸው መካከል የሞቱት ካልተሰጣቸው ይበልጡ ነበር።

ሌላው ልማዳቸው በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የተወሰደውን ናሙና ውጤት መጠየቅ ነው። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢና ዕጢ በምስል ይመሳሰላሉ፤ ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ በአጥንቶቹ መሐል ያለውን ዲስክ አጥፍቶ ሁለት ጎረቤት አጥንቶችን ይይዛል፣ ዕጢ ብዙ ጊዜ ዲስኩን ይተወዋል፣ ግን ይህ ብቻውን አያስተማምንም። ቁርጡ የሚለየው በናሙና ነው። ለፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ ለሚደረገው ምርመራ) የሚሄደው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ፣ ፈሳሹ ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ ሆኖ ይገባል፤ የቲቢን ዘረመል ለሚፈልገው ጂንኤክስፐርትና ባክቴሪያውን ለሚያሳድገው ካልቸር የሚሄደው ግን ፎርማሊን ሳይነካው በኖርማል ሳላይን (በጨው ውኃ) ለብቻው ነው። ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ከተጨመረ ካልቸር የለም፣ ባክቴሪያው ሞቷል። ውጤቱን ሄዶ የሚያመጣ ሰው ስላልነበረ ብቻ ሕክምናው የሚዘገይ ታማሚ ብዙ ነው፤ ሲስተር ቤተሰቡ ወረቀቱን አምጥቶ ለሐኪሙ እስኪያሳይ ድረስ ይደውላሉ።

ሲስተርም ፊዚዮቴራፒስቱም ወሰናቸውን ያውቃሉ፤ እኛም በዚህ እናምናቸዋለን። ካንሰር ያለበት ሰው ሌሊት የሚብስ አዲስ የጀርባ ሕመም ካመጣ፣ እግሩ ከዛለ፣ ሽንቱ ከታገደ ወይም መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ፣ ማሳጅም ልምምድም አይሠሩም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይልኩታል። አሜሪካዊው ሐኪም ፓቼልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት የ101 ሕሙማን ጥናት፣ ዕጢ ህብለ ሰረሰራቸውን ከተጫናቸው መካከል ቀዶ ሕክምናና ጨረር ያገኙት 84 በመቶ ከሕክምናው በኋላ መራመድ ችለዋል፤ ጨረር ብቻ ካገኙት 57 በመቶ። ሲገባ እየተራመደ የነበረ ሰው እየተራመደ የመውጣት ዕድሉ እጅግ ይበልጣልና አንዲት ሌሊት እንኳ ዋጋ አላት። አከርካሪው ገና ያልጸና ሰውንም ያለ ሐኪም ፈቃድ አያስቀምጡም፤ ሲያገላብጡትም ራስ፣ ትከሻና ዳሌው እንደ አንድ ግንድ አብሮ እንዲዞር ሦስት ወይም አራት ሰው ያሰልፋሉ።

ስትደውሉላቸው የመውጫ ወረቀቱን፣ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ፣ የኤምአርአይ ሲዲውን፣ የፓቶሎጂ ውጤቱንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው አዘጋጁ። የጉዳቱን ቦታ አጣርታችሁ ንገሯቸው፤ 6ኛው የደረት አንጓ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የግፊት መለኪያ ይዘው ይመጣሉ። ዋጋቸውን በመጀመሪያው ስልክ ላይ ይነግሯችኋል። ከታማሚው ጋር የሚያድረው ሰው በመጀመሪያው ቀን የግድ ቤት ይኑር፤ የሚያሠለጥኑት እሱን ነው።